የተረሱ የፍሉትና የቫዮሊን ዱዌቶችን ለመቅዳት፦ ሚዛኑ የሚሠራው ወለሉ ላይ ነው

ጥያቄ፦ «እኔ ፍሉት፣ ባለቤቴ ቫዮሊን እንጫወታለን፤ የምንኖረው ጀርመን ነው። ብዙ ሰው የማያውቃቸውን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዱዌቶች ቀድተን ለማውጣት ተነሥተናል። ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ስብስብ በ1734 የታተሙትን የቦይሞርቲዬን ስድስት ሶናታዎች አግኝተናል። ሙዚቃው ይህን ያህል ስለቆየ ማንንም ሳንጠይቅ መቅዳት እንችላለን? ፍሉቴ ዘመናዊ የብር ፍሉት ናት፤ እንደ ባሮክ ዘመን በ415 (ኤ ኖታ በ415 ኸርዝ ተቃኝቶ) ለመጫወት የራስጌ ክፍሏን ሳብ ማድረግ ይበቃል? ባስ ስለሌለ ድምፁ እንዳይሳሳብን ለየራሳችን ማይክሮፎን አቅርበን ሚዛኑን በኋላ በኮምፒዩተር ብናስተካክለውስ? አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ቀን ተፈቅዳልናለች።»

ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሣ። አይሆንም፤ ሚዛኑን ለኮምፒዩተር አታስቀሩ። ሁለት ድምፅ ብቻ ባለው ሙዚቃ አንዱ ለሌላው ዜማም፣ ባስም፣ አጃቢም ነው፤ ይህ ሚና ደግሞ በየጥቂት ባሩ ይቀያየራል። የትኛው ድምፅ መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚያፈገፍግ የሚያውቁት በዚያች ቅጽበት የሚጫወቱት ሁለቱ ሰዎች ናቸው። ማይክሮፎን ከፍሉቷ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲቆም ከድምፁ ይልቅ ትንፋሹንና የቁልፎቹን ኳኳታ ይሰበስባል። ከቫዮሊኑም አያመልጥም፤ ባለቤትሽ ከአንድ ሜትር በላይ ርቆ ቢቆም እንኳ የቫዮሊኑ ድምፅ ለራሱ ማይክሮፎን ከደረሰ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ በፍሉቷ ማይክሮፎን ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ትራኮች ሲደመሩ የዘገየው ድምፅ ከዋናው ጋር እየተጋጨ አንዳንዱን የድምፅ ሞገድ ያጠፋል፣ አንዳንዱን ያጎላል፤ ቫዮሊኑ ከቱቦ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ፍሉቷን ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ይህ ጠባሳ አብሮ ከፍ ይላል፤ በኋላ የሚያወጣው መሣሪያ የለም።

ድምፁ ይሳሳል የሚለው ስጋት ከሌላ የተሳሳተ ሐሳብ የመጣ ነው፤ ባስ የለም ማለት ኮርድ የለም ማለት አይደለም። በእጃችሁ ያለው ስብስብ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ዦዜፍ ቦዳን ደ ቦይሞርቲዬ (1689–1755፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በ1724 ሙዚቃውን አስቀርጾ የመሸጥ የንጉሥ ፈቃድ አግኝቶ፣ ቋሚ ጌታ ሳይኖረው ከሕትመት ሽያጭ የኖረ ሰው ነው። ከመቶ የሚበልጡ ሥራዎችን አሳትሟል። ገበያው ቤታቸው ተቀምጠው የሚጫወቱ አማተሮች ስለነበሩ ያለ ሃርፕሲኮርድና ያለ ቼሎ የሚሞላ ሙዚቃ መጻፍ ያውቅበት ነበር። ቁጥር 51 የሆነው ይህ ስብስብ ደግሞ ቫዮሊኑን «ፓር አኮር» ማለትም በኮርድ እንዲጫወት ያዘዋል። ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አውታር በአንድነት እየተመታ ቫዮሊኑ ባሱንና መካከለኛውን ድምፅ ይሸከማል፤ ፍሉቷ ከላይ ትዘምራለች። ሙዚቃው ሳስቶ ከተሰማ ጥፋቱ የአጨዋወት ወይም የምትቀዱበት ቤት ነው። ደራሲው የጎደለ ነገር አልተወም።

ሌሎችም በየመንገዳቸው ሞልተውታል። ጀርመናዊው ደራሲ ቴሌማን በ1738 ፓሪስ ላይ ባሳተማቸው ስድስት የካኖን ሶናታዎች ሁለተኛው ተጫዋች የመጀመሪያውን አንድ ባር ዘግይቶ ይከተላል፤ ኮርዱ ከመከታተሉ ይወለዳል። ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ባህ በፕሩሲያው ንጉሥ ፍሪድሪክ ቤት ሳለ በ1748 የጻፈው በኢ ማይነር የፍሉትና የቫዮሊን ዱዌት ግን ሁለቱን ድምፆች እኩል አድርጎ ያነጋግራቸዋል። ይህ ሥራ ከታላላቆቹ አጠገብ ሊቆም የሚገባው ነው፤ ፕሮግራም ላይ በብዛት አለመታየቱ ያሳዝነኛል።

ከዚህ ስብስብ ውጭ ለመፈለግ ካሰባችሁ በካታሎግ ላይ የምታዩትን ርዕስ እንዳለ አትመኑ። በክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ «ፍላውቶ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ብዙውን ጊዜ ሪኮርደር ነው፤ የእናንተዋ ፍሉት «ትራቬርሶ» ወይም «ትራቬርሲዬር» ተብላ ትለያለች። «ሶናታ ለፍሉትና ለቫዮሊን» የሚል የእጅ ጽሑፍ ሁለት ፓርት ብቻ ስለተረፈው ዱዌት ሊመስል ይችላል፤ ሦስተኛው የባስ ፓርት ጠፍቶ እንደሆነ የሚታወቀው ሁለቱን አንድ ላይ ስታነቡ ነው። ሁለቱም በአንድነት ረጅም ዕረፍት ካላቸው፣ ወይም የክፍሉ መዝጊያ ላይ ሁለቱም በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ድምፅ ላይ ተንጠልጥለው ከቀሩ ባስ ጎድሏል፤ ተዉት። «ለሁለት ፍሉት ወይም ለሁለት ቫዮሊን» የሚሉት ደግሞ፣ የቴሌማን የ1720ዎቹ ያለባስ ሶናታዎች እንደዚህ ናቸው፣ ለአንድ ፍሉትና ለአንድ ቫዮሊን መከፋፈል ይቻላል። ነገር ግን የተጻፉት ለተመሳሳይ ሁለት ድምፆች ነውና ድምፆቹ ሲጠላለፉ ቫዮሊኑ ፍሉቷን ይውጣታል። ከ1780ዎቹ ወዲህ በፓሪስና በቪየና የወጡት ሕትመቶች መካከል ብዙዎቹ ከታዋቂ ኦፔራዎች ተቀንጭበው የተዘጋጁ ስለሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹን ባሮች በሪዝም ዓለም አቀፍ የሙዚቃ ምንጮች ካታሎግ ውስጥ ኖታ በኖታ አስገብታችሁ ፈልጉ፤ ካታሎጉ በነፃ ይገኛል። የደራሲ ስምም እንዲሁ ይጣራ። አሳታሚዎች የሌላውን ሥራ በታዋቂ ስም መሸጥ ልማዳቸው ነበር።

እግረ መንገዴን፦ ቁጥር 51 በዘመኑ መሣሪያዎች ከዚህ ቀደም ተቀድቷል። ሽፋኑ ላይ «ለመጀመሪያ ጊዜ» ብላችሁ አትጻፉ።

ወደ መብቱ ልሂድ። በአውሮፓ ሕግ የደራሲው መብት ከሞተ 70 ዓመት በኋላ ስለሚያበቃ የቦይሞርቲዬ ሙዚቃ ነፃ ነው። ነፃ የሆነው ግን ሙዚቃው እንጂ አንድ ሰው ዛሬ ያዘጋጀው እትም አይደለም። የጀርመን የቅጂ መብት ሕግ በአንቀጽ 70 ለሳይንሳዊ እትም፣ በአንቀጽ 71 ደግሞ ፈጽሞ ታትሞ የማያውቅ ሥራን ለመጀመሪያ ጊዜ ላወጣ ሰው ለየአንዳንዳቸው የ25 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ስለዚህ በእጅ ጽሑፍ ብቻ የኖረ ዱዌት ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ምሁር አሳትሞት ከሆነ፣ ደራሲው የሞተው በ1750 ቢሆንም ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ነገሩ የወረቀት ላይ ብቻ አይደለም፤ በ2005 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የፈረንሳዊውን ደራሲ የላላንድን ሙዚቃ ያስተካከለው የምሁሩ የሳውኪንስ እትም የቅጂ መብት እንዳለው ወስኖ፣ የቀዳው ሃይፐሪየን ኩባንያ ተሸንፏል። ላላንድ የሞተው በ1726 ነበር። መውጫው ቀላል ነው፤ በ1734ቱ ሕትመት ላይ ብቻ ተመሥርታችሁ የራሳችሁን እትም አዘጋጁ፣ የማንንም ዘመናዊ እትም ጎን ለጎን አትክፈቱ። የሕትመቱን ገጽ ፎቶ በቡክሌቱ ለማተም ካሰባችሁ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱን ደንብ አንብቡ፤ ሙዚቃውን መጫወትና ምስሉን መሸጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ሲዲ ካሳተማችሁም ማተሚያ ድርጅቶች ሥራው ነፃ ቢሆን እንኳ ከጌማ (የሙዚቃ ደራስያንን መብት ከሚያስተዳድረው የጀርመን ድርጅት) ጋር ጉዳዩን መጨረሳችሁን ብዙ ጊዜ ይጠይቃሉና ጊዜ ያዙለት።

እትሙን ራሳችሁ ማዘጋጀታችሁ የሚጠቅመው ለመብት ብቻ አይደለም። ከዋናው ሕትመት በቀጥታ እየተጫወታችሁ ለመቅዳት አትሞክሩ፤ ከእሱ ተለማመዱ፣ ለቀረጻው ግን ስኮር (ሁለቱም ፓርቶች አንዱ በአንዱ ላይ የሚታዩበት ኖታ) ሥሩ። የፈረንሳይ ሕትመቶች የፍሉትን ዜማ ብዙ ጊዜ ጂን በታችኛው መስመር ላይ በሚያስቀምጥ ክሌፍ ይጽፋሉ፤ ለለመደ ዓይን ሁሉም ሦስተኛ ወርዶ ይነበባል። ከዚህ የባሰው አክሲደንታሉ ነው። በዚያ ዘመን ሻርፕ ወይም ፍላት የሚሠራው ለተጻፈበት ኖታና ተከትሎት ለሚደጋገመው እንጂ ዛሬ እንደምናውቀው እስከ ባሩ መጨረሻ አይደለም። አንድ ባር ውስጥ ሁለት ኤፍ ካሉና ሻርፑ በመጀመሪያው ላይ ብቻ ከሆነ ሁለተኛው ናቹራል ሊሆን ይችላል፣ ቀራጩ ረስቶትም ሊሆን ይችላል። የሚፈርደው የሌላው ድምፅ ነውና ሁለቱን ፓርቶች እንደ ሚዩዝስኮር ባለ ፕሮግራም አንዱን በአንዱ ላይ አስቀምጣችሁ ጻፉ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ባር ከላይ ወደ ታች አንብቡ። የሚበዛው ስሕተት የነጠብጣብ መጉደል፣ የዕረፍት ቁጥር መሳሳትና ስለር (ኖታዎችን የሚያያይዘው ቅስት) ከአንዱ ኖታ ወደ ጎረቤቱ መንሸራተቱ ነው። አንዱ የተጫወተውን ሐረግ ሌላው ሲደግመው ስለሩ የተለያየ ከሆነ ወዲያው አታመሳስሉ፤ ሦስተኛ ቦታ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ተመልከቱ። የለወጣችሁትን ሁሉ በቀይ ምልክት አድርጉበት፤ በቀረጻው ቀን ክርክር ሲነሣ ሕትመቱ ምን እንደሚል ወዲያው ይታያል።

በዚሁ ስኮር ላይ የአጨዋወት ውሳኔዎችም ይጻፉ። የመደመር ምልክት ትሪል (ሁለት ጎረቤት ኖታዎችን በፍጥነት ማፈራረቅ) ነው፤ ከላይኛው ኖታ በምቱ ላይ ይጀምራል። በፈረንሳይ አጨዋወት ተከታትለው የሚሄዱ ኖታዎች እኩል አይሆኑም፤ በሦስት ምት ስምንተኛዎቹ፣ በአራት ምት አሥራ ስድስተኛዎቹ ረዘም-አጠር ይላሉ። ዝላይ ሲኖር፣ ነጥብ ሲደረግባቸው ወይም ክፍሉ የጣሊያን ዓይነት ሲሆን ግን እኩል ይቀራሉ። ምን ያህል ይረዝማል የሚለውን ሁለታችሁ አንድ አድርጉት፤ አንዳችሁ ሁለት ለአንድ፣ አንዳችሁ ሦስት ለሁለት ከተጫወታችሁ በመድረክ ላይ ያልፋል፣ በቅጂ ላይ ግን እንደ አለመገጣጠም ይሰማል። ኮርዱም ውሳኔ ይፈልጋል። ሦስትና አራት ድምፅ ያለው ኮርድ ከታች ወደ ላይ ተሰብሮ ነው የሚመታው፤ ፍሉቷ የምትገጥመው ከታችኛው ጋር ነው ወይስ ከላይኛው? እዚህ ቫዮሊኑ ባስ ስለሆነ የታችኛው ኖታ በምቱ ላይ ይውደቅ፣ ፍሉቷም ከእሱ ጋር ትግባ እላለሁ። በተቃራኒው ካደረጋችሁት ባሱ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚሮጥ ይመስላል።

አሁን 415። የራስጌውን ክፍል መሳብ አይበቃም፤ ፍሉቷንም ያበላሻታል። ከዛሬው የተለመደ ቃና ከ440 ወደ 415 መውረድ ሙሉ ግማሽ ድምፅ፣ 100 ሴንት ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ብትስቢ፣ ቱቦው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ለሚረዝምባቸው ዝቅተኛ ኖታዎች ወደ 30 ሴንት ይወርዳል፤ ጣቶቹ ተነሥተው ቱቦው በግማሽ ለሚያጥርባቸው ኖታዎች ግን ከ50 ሴንት በላይ። ማለትም ስኬሉ ይሰበራል፤ በከንፈር ልታስተካክዪው ስትሞክሪ ድምፁ ይታፈናል። ያሉት ምርጫዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ባለ አንድ ቁልፍ የእንጨት ፍሉት ተውሶ ወይም ተከራይቶ በ415፣ ለፈረንሳይ ሙዚቃ እንዲያውም በ392፣ መጫወት ነው። ይህ መሣሪያ ሙሉ ለሙሉ ሌላ ነው፤ የዲ ሜጀር ኖታዎች ብሩህ፣ ኤፍ ናቹራልና ጂ ሻርፕ የተሸፈኑ ናቸው፣ ጣቶቹም ይለያሉ። የንጉሥ ፍሪድሪክ የፍሉት መምህር የነበረው ክቫንትስ በ1726 ሁለተኛ ቁልፍ የጨመረበት ዲ ሻርፕና ኢ ፍላት አንድ አለመሆናቸውን ለማሳየት ነበር፤ ፍላቱ ከሻርፑ ከፍ ይላል። ይህን ሁሉ ለቀረጻ የሚበቃ አድርጎ ለመያዝ ወራት ሳይሆን ከዓመት በላይ ይፈጃል። አዲስ እንጨት ደግሞ መጀመሪያ ላይ በቀን ከ15 ደቂቃ በላይ ከተነፋ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሁለተኛው ምርጫ በ440 መቆየት ነው፤ ምክሬም ይኸው ነው። 440 ለዚህ ሙዚቃ ውርደት አይደለም፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ራሱ ከተማ ከከተማ ቃናው ይለያይ ነበር፣ ክቫንትስም በ1752ቱ መጽሐፉ በዚሁ ተማርሯል። የሚለውጠው ነገር ሌላ ቦታ ነው፦ የቫዮሊኑ ደጋን። የባሮክ ደጋን ቅጂ አጠር ያለና ጫፉ የቀለለ ስለሆነ ሁለት አውታር ሲመታ ኖታው ቶሎ ይነግርና በራሱ ይለቃል፤ ለፍሉቷም ቦታ ይተዋል። ዘመናዊው ደጋን ኮርዱን ይጎትተዋል። የብረት አውታሩን በበግ አንጀት አውታር መተካት ቢቻል ይበልጥ ይሻላል፤ የበገና ድምፅ ለለመደ ጆሮ የአንጀት አውታር ልስላሴ አዲስ አይሆንበትም። አንጀት ግን እርጥበት ሲለዋወጥ ቃናው ይዋልላልና ከቀረጻው ሁለት ሳምንት በፊት ይታሰር። ሲቃኝም እያንዳንዱ አምስተኛ ከንጹሑ 3 ወይም 4 ሴንት ጠበብ ይበል። በንጹሕ አምስተኛ የተቃኘ ቫዮሊን ጂና ኢ አውታሮቹን ክፍት አድርጎ ሲያሰማ ስድስተኛው ከሚገባው በላይ ይሰፋል፤ በኮርድ በተሞላ ሙዚቃ ይህ በየገጹ ያጋጥማል። ፍሉቷም በረጅም ኖታዎች ላይ ሜጀር ሦስተኛውን ዝቅ ታድርግ፤ ንጹሑ ከፒያኖው 14 ሴንት ይወርዳል።

ክፍሉ ከማይክሮፎኑ ዋጋ ይበልጣል። ቤተ ክርስቲያኗ ባዶ ስትሆን ቀድማችሁ ሂዱና እጅ አጨብጭባችሁ ቅዱ። ማስተጋባቱ በ1.5 ሰከንድ አካባቢ ከጠፋ እጅግ ጥሩ ነው፤ እስከ 2 ይቻላል፤ ከ2.5 ካለፈ ኮርዶቹ አንዱ በአንዱ ላይ ስለሚከመሩ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ደወሉን ጠይቁ። በጀርመን ብዙ ቤተ ክርስቲያን በየሩብ ሰዓቱ ይደውላል፤ ሊዘጋላችሁ ካልቻለ የቀረጻ ጊዜያችሁ በ12 በ12 ደቂቃ መቆራረጡን ከአሁኑ እወቁት። ማሞቂያው በቀረጻ ሰዓት ይጥፋ፤ የማራገቢያው ድምፅና የቱቦው መንቋቋት በለስላሳ ክፍሎች ውስጥ ጥርት ብሎ ይገባል። ነገር ግን ሙቀቱ ሲወርድ ቃናውም ይሄዳል። አንድ ዲግሪ ሴልሲየስ የፍሉትን ቃና እስከ 3 ሴንት ይለውጣል፣ አውታር ደግሞ ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል፤ ጠዋት በ16 ዲግሪ የተቀዳ ሐረግ ከሰዓት በ20 ከተቀዳው ጋር አይገጥምም። ቴርሞሜትር ከኖታ መደርደሪያው ሥር አስቀምጡ፣ በየቅጂው ጻፉት።

አቋቋማችሁ እንዲህ ይሁን። ከማይክሮፎኑ ሲታይ ቫዮሊኑ በግራ፣ ፍሉቷ በቀኝ፣ በመካከላችሁ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር፣ ፊታችሁ በግማሽ እርስ በርስ በግማሽ ወደ ፊት። ቫዮሊኑ በግራ የሚቆመው የሆዱ ቀዳዳዎች ወደ ማይክሮፎኑ እንዲያዩ ነው፤ በቀኝ ቢቆም ድምፁን ወደ ኋላ ግድግዳ ይልከዋል። ከኋላችሁ ካለው ግድግዳ ቢያንስ 2 ሜትር ራቁ፤ ወለሉ ድንጋይ ከሆነ ከእግራችሁ ሥር ስስ ምንጣፍ አንጥፉ። ሁለት ትናንሽ ኦምኒ (ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚሰሙ) ማይክሮፎኖች፣ በመካከላቸው 40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር፣ ከወለሉ 2.3 ሜትር፣ ከእናንተ ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ይቁሙ። ከፍታው አስፈላጊ ነው። የፍሉት ትንፋሽ ወደ ፊትና ወደ ታች ስለሚሄድ በከንፈር ቁመት የቆመ ማይክሮፎን ንፋሱን በቀጥታ ይቀበላል። ማስተጋባቱ ከበዛ ኦምኒዎቹን በካርዲዮይድ (ከፊት የሚመጣውን አብልጠው በሚሰሙ) ለውጡ፤ 17 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው በ110 ዲግሪ ይከፈቱ።

ከዚያ ሚዛኑን በእግራችሁ ሥሩ። ሁለቱም ዝቅ ባለ ድምፅ የሚጫወቱባቸውን ስምንት ባሮች ምረጡ፤ የፍሉት ታችኛዎቹ ኖታዎች፣ ከዲ እስከ ኤ፣ ደካማ ናቸውና ፈተናው እዚያ ነው። ፍሉቷ ከቫዮሊኑ 20፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ማይክሮፎኑ ቀርባ ያንኑ ስምንት ባር ደጋግማችሁ ቅዱ። ሁለት ሜትር ርቀት ላይ 30 ሳንቲ ሜትር መቅረብ ከአንድ ዴሲቤል ትንሽ በላይ ይጨምራል፤ ለሁለት ድምፅ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። የተስማማችሁበትን ቦታ ወለሉ ላይ በቴፕ ምልክት አድርጉ፣ የማይክሮፎን ማቆሚያውንም እግሮች ጭምር። ተጨማሪ ቅርብ ማይክሮፎን ለመተማመኛ መትከል ይቻላል፤ ግን ከዋናዎቹ 10 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ፣ ለእያንዳንዱ ሜትር ልዩነት 2.9 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ እንዲገባ ተደርጎ ብቻ። ቅጂው በ24 ቢት ይሁን፣ ከፍተኛው ድምፅ ከማይነስ 12 ዴሲቤል አይለፍ። በ96 ኪሎ ኸርዝ ሁለት ትራክ በሰዓት 2 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ በየምሽቱ ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ ማንም ወደ ቤቱ አይሂድ።

ሁለት ቀን ለስድስት ሶናታ አይበቃም። ስድስቱ ከነድግግሞሻቸው ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋሉ፤ ሁለት ሰዎች ያለ እረፍት ጥራት ሳይቀንሱ በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያለቀ ሙዚቃ ቢያወጡ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ቀን ደግሞ በቦታ ፍለጋ ያልቃል። ለእያንዳንዱ የሶናታ ክፍል መጀመሪያ ሁለት ሙሉ ቅጂ ያለማቋረጥ ውሰዱ፤ የመጨረሻው ዲስክ አከርካሪ ከእነዚህ አንዱ መሆን አለበት። ከዚያ የተበላሹትን ቦታዎች ብቻ፣ ከአራት ባር በፊት ጀምራችሁ አራት ባር አልፋችሁ ቅዱ። በድግግሞሹ ላይ ጌጥ የምትጨምሩ ከሆነ ሁለቱንም ዙር ለየብቻ ቅዱ፤ አንዱን ገልብጦ መለጠፍ ለሰሚው ወዲያው ይታወቃል። ፍጥነቱን በሜትሮኖም ብርሃን ከመጀመራችሁ በፊት አስታውሱ፣ ሲጀመር ይጥፋ። በየ20 ደቂቃው እንደገና ቃኙ። የመጨረሻው ኖታ ካለቀ በኋላ አምስት ሰከንድ አትንቀሳቀሱ፤ የባዶውን ክፍል ጸጥታም በየቀኑ አንድ ደቂቃ ቅዱ፣ ለመገጣጠሚያ ይፈለጋል። ስኮር ይዞ የሚያዳምጥ ሦስተኛ ሰው ግድ ያስፈልጋል። እየተጫወተ ራሱን በትክክል የሚሰማ ሰው የለም፤ ባልና ሚስት ደግሞ በሦስተኛው ሰዓት ላይ አንዱ ሌላውን ማረም ይከብደዋል።

የሚያበላሹት ትናንሽ ነገሮች ናቸው፤ የቫዮሊኑ ትከሻ መደገፊያ ሲያቃስት፣ የፍሉት ፓድ በእርጥበት ሲጣበቅ (የሲጋራ ወረቀት አዘጋጁ)፣ ገጽ ሲገለበጥ፣ ጫማ ሲንቀሳቀስ። ኤዲቲንጉ ላይ መጋጠሚያው ሁለታችሁም አዲስ ኖታ አብራችሁ በምትጀምሩበት ቦታ ይሁን፣ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ተደራርቦ። በረጅም ኖታ መካከል ወይም ማስተጋባቱ እየጠፋ ባለበት ቦታ አትቁረጡ። በቃና 6 ሴንት የሚለያዩ ሁለት ቅጂዎች በኦርኬስትራ ውስጥ ይደበቃሉ፤ እዚህ አይደበቁም።

እንግዲህ ውሳኔው፦ ቁጥር 51ን ያዙ፣ በ440፣ በባሮክ ደጋን፣ በአንድ ጥንድ ማይክሮፎን። የተለያየ ዘመን ዱዌቶችን በአንድ ዲስክ ላይ አትቀላቅሉ፤ የ1734 አጨዋወት ለ1790 አይሆንም፣ ሰሚውም የሁለቱንም ቋንቋ ሳይለምድ ዲስኩ ያልቃል። ቤተ ክርስቲያኗን ለአራት ቀን ጠይቁ። ካልተፈቀደ በሁለቱ ቀን ሦስት ሶናታ ብቻ ቅዱ፤ በጥንቃቄ የተሠሩ ሦስት ሶናታዎች 25 ወይም 30 ደቂቃ ስለሚሆኑ ለብቻቸው መውጣት ይችላሉ፣ ሌሎቹ ሦስቱ በሚቀጥለው ዓመት በተመሳሳይ ምልክት ላይ ይቀዳሉ። ከዋናው ቀን አንድ ወር በፊት ለሦስት ሰዓት ሙከራ ግቡ፤ አንድ ዘገምተኛ ክፍል፣ አንድ ፈጣን ክፍል፣ የቴፕ ምልክቱና የሙቀት መዝገቡ። ያንን ቅጂ ከሳምንት በኋላ በሌላ ቤት፣ በሌላ ድምፅ ማጉያ ስሙት። የፍሉት ታችኛ ኖታዎች ከኮርዱ ሥር ከጠፉ ማይክሮፎን አትጨምሩ፤ ባለቤትሽ ደጋኑን ያቅልል፣ አንቺም አሥር ሳንቲ ሜትር ቅረቢ።